ቆራሌው፣ ልዋጭ እና የማይከፈተው በር

ሰው ስለ ምግብ ቤት ይጽፋል፣ ስለ ስልክ ይጽፋል። እኔ ዛሬ ስለ ቆራሌው ነው የምጽፈው። አትሳቁ። ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የተገለገልኩበት ሰው ነው፤ ከብዙ ካፌ ይልቅ እሱን ባወራ ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው በበር ነው። የልጆቹ መኝታ ቤት በር ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ከኋላው ከገባንበት ቀን ጀምሮ «ቤት ስንቀይር ያስፈልጋል» ተብሎ የተቀመጠ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የማይሰራ ስታብላይዘር፣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ አለ። ሁላችንም ለምደነዋል። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ ሊጫወት ለመጣ ጓደኛው «በጎንህ ነው የሚገባው» ብሎ ሲያሳየው ሰማሁ። እዚያ ላይ ደነገጥኩ።

ቤታችን ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚነሳበት ብዙ ሳይርቅ። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ሶስተኛ ፎቅ። በዚያ ሰሞን ዩቲዩብ ላይ ሚኒማሊዝም የሚሉትን አብዝቼ አይ ነበር። ሁሉ ነገር ነጭ ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ አበባ። ጀበና የለ፣ መሶብ የለ፣ ምጣድ የለ፤ እነዚህ ሰዎች ምን እየበሉ ነው የሚኖሩት አልኩ። ሐሳቡ ግን ገባኝ፤ የማትጠቀሙበትን አስወጡ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? መርካቶ ሄጄ ክዳን ያላቸው አራት ትልልቅ የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዛሁ። እቃ ለመቀነስ እቃ ገዛሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ለዓመታት ከመስኮቴ ስር «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ድምፅ የሰማሁት። ማለቴ ድሮም እሰማዋለሁ፤ ልብ ብዬ አላውቅም እንጂ። «ቆርቆሮ ያለው» ሲባል ሲባል «ቆራሌው» ሆነ ይላሉ። አሁን ግን ቆርቆሮ ብቻ አይደለም የሚወስደው።

አንድ ነገር ልናገር። መጀመሪያ ሁሉንም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ልጨምረው ነበር። ግን በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የሞተ ጊዜ የነበረውን ለቅሶ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ «ጥለሽው ተገላገይ» ሲሉኝ እንደ ድሮው ቀላል አይሆንልኝም።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። እኛ ብሎክ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ትልቁ ፈተና እሱን መጥራቱ ነው። ድምፁን ሰምታችሁ፣ ነጠላ ነገር ጣል አድርጋችሁ በረንዳ እስክትወጡ እሱ ሌላኛው ብሎክ ጋ ደርሷል። እኔ ሁለት ቅዳሜ አመለጠኝ። በሶስተኛው ልጄን ቀድሜ ደጅ አቆምኳት።

የመጣው ወጣት ነው፣ ኬሻ በትከሻው። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ይሄን ወደድኩለት። ስታብላይዘሩን፣ የተቃጠለ ካውያ፣ የተሰነጠቀ ድስትና አንድ እግሯ የጠፋ የብረት ወንበር አወጣሁ። በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ይመዝናል። ሚዛን የለህም? ስለው «እጄ ሚዛን ነው» አለኝ። ዓይኑ ግን ከእኔ እቃ ላይ አይደለም፤ ኩሽናውን ነው የሚያየው። «ማዘር፣ ሌላስ የለም?» ይላል። ማዘር መባሌን ይቅር ብዬዋለሁ። «ይሄ ሙቀጫ አይሸጥም?» ይላል። ሙቀጫዬ የሴት አያቴ ነው! ሁሌም የሚጠይቀው የማይሸጠውን ነው፤ ተጠንቀቁ፣ ተዘናግቶ እሺ የሚል ሰው አይጠፋም።

ሁሉንም በ400 ብር ተስማማን። ደስ ብሎኝ ለጎረቤቴ ስነግራት ራሷን ያዘች። «ስታብላይዘር ውስጥ እኮ መዳብ አለ! መዳብ ከብረት ጋር አንድ ላይ ይሸጣል?» እውነቷን ነው። ለፍሪጅ የሚሆን ስታብላይዘር ውስጥ ብዙ ጊዜ የመዳብ ጥቅል አለ፤ እኔ የብረት ቆሻሻ መስሎኝ ሰጠሁት። እሱ ያውቅ ነበር፣ ዝም አለ። ስለዚህ ከአምስት አንድ ኮከብ እዚህ ጋ ቀንሼበታለሁ። አሁን መዳብ ለብቻ፣ አሉሚኒየም ለብቻ፣ ብረት ለብቻ አድርጌ ነው የምጠራው፤ እሱም በኪስ ሚዛን ይዞ መምጣት ጀምሯል፣ መንጠቆ ያላት።

እቃው የት ይሄዳል ለምትሉ፣ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው የሚደርሰው። እዚያ የሄደ ያውቀዋል፤ በመዶሻ ድምፅ ጆሮ ይደነቁራል፣ ያረጀ በርሜልና ቆርቆሮ እየተቀጠቀጠ የከሰል ምድጃና ባልዲ ሆኖ ይወጣል።

ልዋጭ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ሳፋና ጆግ በራሷ ላይ ከምራ ትመጣለች፣ ልብስ ሰጥታችሁ ፕላስቲክ ትቀበላላችሁ። እኔ 14 ልብስ አወጣሁ። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳች ብብቱን ታያለች፣ ዚፑን ትስባለች፣ ኮሌታውን ትገለብጣለች። «ይሄማ አልቋል እኮ እህቴ» ትላለች፣ ግን አትመልሰውም፤ ከጉልበቷ ስር ታስገባዋለች። መጨረሻ ላይ አንድ ሳፋና አንድ ጆግ አቀረበች። ብር አትሰጪኝም? አልኳት። «ብር ቢኖረኝ ሳፋ ተሸክሜ እዞራለሁ?» አለች። መልስ አጣሁ። ሳፋው ሰማያዊ ነው። ከዚያ በፊት ሶስት ሳፋ ነበረን። እቃ መቀነስ ለፈለገ ሰው እንግዲህ ልዋጭ ችግሯ ይሄ ነው፣ ባዶ እጃችሁን አትመልሳችሁም።

ከዚያ የባሰው ግን የእኔ ጥፋት ነው። ከ14ቱ ውስጥ አንዱ የባለቤቴ ቡኒ ጃኬት ነበር። በመጀመሪያ ደሞዙ የገዛው። አስር ዓመት አልለበሰውም፣ አሁን ቢለብሰውም አይቆለፍም። ሶስት ሳምንት ቆይቶ፣ ብርድ የሆነ ቀን፣ ቁምሳጥኑን ከፍቶ ቆመ። «ጃኬቴ የታለ?» ሳፋውን አሳየሁት። ሁለት ቀን አላናገረኝም፣ እውነት አለው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ፣ የሰው እቃ የሚያስወጣው ባለቤቱ ብቻ ነው። የሚገርመው ይሄ ሕግ ከወጣ በኋላ ራሱ የሞቱ ቻርጀሮችና ሶስት ሪሞት አወጣ። የአንዱ ሪሞት ቴሌቪዥን እኛ ቤት ኖሮ አያውቅም።

ቡፌውን ቆራሌው አይወስድም። ጠይቄዋለሁ፤ አይቶ ሳቀ። እናቴ ደግሞ ላስወጣው እንዳሰብኩ ስትሰማ ከደብረ ብርሃን ደወለች፣ «ቡፌ የሌለው ሳሎን የጠበቃ ቢሮ ነው የሚመስለው» ብላ። ውስጡ የሰርግ ስጦታ 36 ብርጭቆ አለ፣ ካርቶኑ ያልተቀደደም አለበት። «እንግዳ ሲመጣስ?» ትላለች። እማዬ፣ የልጁ ክርስትና ጊዜ 80 ሰው ጠርተን ሰሃኑም፣ ድስቱም፣ ወንበሩም፣ ድንኳኑም ከእድር ነው የመጣው፤ ቡፌው ቁልፉ ሳይነካ ነው ድግሱ ያለቀው አልኳት። ዝም አለች። ያቺ ዩቲዩብ ላይ ያለችው ልጅ እድር የሚባል ነገር ብታውቅ ትቀና ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ትልቅ ድስት ገዝቶ በየተራ የሚያበስልበት። በመጨረሻ ተደራድረን 12 ብርጭቆ ቀረ፣ ቡፌውም ቀረ፣ የታችኛው ክፍል የልጆች ደብተር ገባበት።

ጀሪካኖቹን ግን ማንም እንዳይነካብኝ። ቆራሌው ሰባቱን ተደርድረው ሲያይ ዓይኑ በራ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ብሎክ ጀሪካን ላይ ሚኒማሊስት አይኮንም። እንዲያውም ስምንተኛ ጨምሬያለሁ።

የፌስታሉንም ነገር ሳልናገር አልልፍም። እናቴ በመጣች ቁጥር ፌስታል አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ታስቀምጣለች፤ አንድ መሳቢያ ሞልቷል። ላወጣው ስል በ2017 ዓ.ም. ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ጸደቀ። አሁን «አላልኩሽም?» እያለች ነው፣ መሳቢያውም እንዳለ አለ።

ለማንኛውም ቆራሌው ከአምስት አራት፣ ልዋጭ ሶስት። ቆራሌው ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፣ ተሸክሞ ያወርዳል፣ በዚያው ይከፍላችኋል። ለሶስተኛ ፎቅ ሰው መሸከሙ ብቻ ዋጋ አለው። ቅዳሜ ቤት ማጽዳት ድሮ እስከ ምሳ ነበር፣ አሁን ቡና ሳይፈላ ያልቃል። የልጆቹ በር ግድግዳ እስኪነካ ተከፈተ፤ ትንሹ ለሳምንት ያህል እየከፈተ ሲዘጋው ነበር።

ነበር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቋ ልጄ ቆራሌው ለሃይላንድ ጠርሙስ እንደሚከፍል ያየች ጊዜ ከጎረቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከታክሲ ማዞሪያው መሰብሰብ ጀመረች። አልጋዋ ስር ሞላ፣ ከአልጋው ተረፈ፣ ትናንት በሩን ስገፋው ግማሽ ላይ ቆመ። ቆጠርኩት፣ 112 ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ይምጣና ይውሰደው ስላት፦

«አይ እማ፣ ዋጋ እስኪጨምር ነው የማቆየው።»