ቅልጥማችሁን ያመማችሁ የባሕር ዳር ሯጮች፣ ወደዚህች ባለሙያ ሂዱ

በጣና ዳርም ሆነ በቤዛዊት ዳገት ጠዋት ጠዋት የምትሮጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከልብ ልናመሰግናት የሚገባ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በከተማችን አለች። ስሜ በአደባባይ አይጠራ ስላለች አድራሻዋን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀን ሁሉ እንልካለን። እጇ ይባረክ፤ በአሠልጣኝነት የምናያቸውን ልጆች ወደ ሩጫ የመለሰችልን እሷ ናት።

ቅልጥሙን የታመመ ሯጭ ከእሷ በፊት ምን ሲገጥመው እንደኖረ እናውቃለን። አንዱ ጋ ማስታገሻ መርፌ ይወጋና «በሳምንቱ ሩጥ» ይባላል። መርፌው ስሜቱን ያደነዝዛል እንጂ አጥንቱን አይጠግንም፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ልጁ ሳይሰማው በስንጥቁ ላይ እየሮጠ ያሰፋዋል። ሌላው ጋ ራጅ ይነሳና «ንጹህ ነው» ተብሎ ይሸኛል። አዲስ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት ብዙ ጊዜ ራጅ ላይ አይታይም፤ የሚታየው አጥንቱ ራሱን መጠገን ሲጀምር ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ በቅባት እስኪጮህ ድረስ ይታሻል። የተሰነጠቀ አጥንት በእሽት አይድንም! ስንት ልጅ የውድድር ዓመቱን በዚህ አጣ፤ አሁንም ያንገበግበናል።

እህታችን ግን ከሁሉ በፊት በአንድ ጣቷ የቅልጥሙን ውስጠኛ ጠርዝ ከጉልበት ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ቀስ እያለች ትጫናለች። ህመሙ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ተዘርግቶ፣ ሰውነት ሲሟሟቅ የሚቀል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን መቆጣት ነው፤ ሩጫውን በመቀነስ ይመለሳል። ጣት በምታህል ቦታ ተሰብስቦ፣ እየሮጡ ሲሄዱ የሚብስና ሌሊት የሚቆረጥም ከሆነ ግን እንደ ስንጥቅ ቆጥራ ሩጫውን በዚያው ቀን ታስቆምና ወደ አጥንት ሐኪም ትልካለች። የምስሉን ነገር ለሐኪሞቹ እንተወው።

አንዲት ልጅ ውድድሯ 3 ሳምንት ሲቀረው «አቁሚ» ተብላ ስታለቅስ፣ ባለሙያዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ማንም ያልጠየቃትን ጠየቀቻት። የወር አበባሽ ከቀረ ስንት ጊዜው ነው? በጾም እስከ ስንት ሰዓት ሳትበይ ትሮጫለሽ? የሚበላው ከሚሮጠው ሲያንስ የወር አበባ ይቋረጣል፣ አጥንትም መጠገኛ ያጣል፤ ጉዳቱ የሚደጋገመው በዚህ ነው። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትመክር ነገረቻት፤ ከዚያ ከደብተር ገጽ ቀድዳ የ8 ሳምንት መርሐ ግብር በእጇ ጻፈችላት። «እረፍት ሥራ አለው» አለቻት።

በዚያ ገጽ ላይ የነበረው ብዙዎቻችሁን ስለሚጠቅም እንጻፈው። መራመድ ራሱ የሚያም ከሆነ ክራንች። ያለ ህመም መራመድ ሲቻል ብስክሌት፤ ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለዚህ የተመቸች ናት። ኮርቻውን ከፍ አድርጎ፣ ቁጭ እንዳሉ፣ ከ20 ደቂቃ ጀምሮ እስከ 40። ውኃ ውስጥ መሮጥም ጥሩ ነው፤ ግን በመዋኛ ገንዳ እንጂ በጣና ዳርቻ አይሆንም፤ ቢልሃርዚያ አለ። በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት 15 ጊዜ በ3 ዙር። በጣቶች ቆሞ ተረከዝ ማንሳት በሁለት እግር ተጀምሮ፣ በአንድ እግር 25 እስኪሞላ።

ሩጫ የሚጀመረው በፍጥነት 45 ደቂቃ ተራምደው ለአንድ ሳምንት ምንም ሳያም ሲቀር ነው። 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 4 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ፣ ቀን እየዘለሉ። ከዚያ 2 በ3፣ 3 በ2፣ 4 በ1፣ በመጨረሻ 30 ደቂቃ ያለ እረፍት። ደልዳላ አፈር ላይ ብቻ፤ ኮብልስቶንና የቤዛዊት ዳገት ይቆዩ። የተጎዳው ቦታ ላይ ትንሽም ህመም ከተሰማ በዚያው ማቆም፣ ሁለት ቀን ማረፍ፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ። አጥንት ላይ የሚፈቀደው ህመም ዜሮ ነው። ከሩጫ በፊት ማስታገሻ መዋጥ ፈጽሞ አይሆንም።

የተረከዝ ጅማት የታመማችሁ ይህንን አትቅዱ። ጅማት ጭራሽ ሲያርፍ ይደክማል። ለእሱ የምታዝዘው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ የታመመውን ተረከዝ ቀስ ብሎ ማውረድ ነው፤ 15 ጊዜ በ3 ዙር ጉልበት ዘርግቶ፣ ያንኑ ያህል ጉልበት አጥፎ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። መነሳት በደህናው እግር ነው። እዚህ ላይ ህመሙ ከ10 ሲለካ እስከ 3 ቢደርስ ይፈቀዳል፣ በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ። ብዙ ሰው በ4ኛው ሳምንት ሰልችቶ ይተወዋል፤ አትተዉት።

እባካችሁ ህመሙ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ። የምትሮጡበትን ጫማና ያለፉትን 6 ሳምንታት የሮጣችሁትን ኪሎ ሜትር ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ በድንገት የጨመራችሁትን ነው። እህታችን፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጥልን።