የሃምበርገርና የሆት ዶግ ዳቦ በቤት ለመጋገር የትኛው እቃ ይገዛ? ጠፍጣፋ ትሪ፣ ባለ ጎድጓዳ መጋገሪያ፣ የብረት ቀለበት ወይስ ሲሊኮን

ሁለቱ ዳቦዎች ከአንድ ሊጥ ቢወጡም የሚፈልጉት እቃ አንድ አይደለም። ድቡልቡል ሊጥ ኩፍ ሲል ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚሰፋ ክብነቱን ራሱ ይጠብቃል። ረጅሙ የሆት ዶግ ሊጥ ግን ደጋፊ ካላገኘ ወደ ጎን እየተንሰራፋ ይጠፈጥፋል፤ ተሰንጥቆ ቋሊማ ሲገባበትም አቅፎ መያዝ ያቅተዋል። እቃ ስትመርጡ ከሁሉ በፊት ይህንን ልዩነት አስቡ።

ንጽጽሩ ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ሊጥ እንውሰድ፦ 500 ግራም የዳቦ ዱቄት፣ 280 ግራም ለብ ያለ ወተት፣ 1 እንቁላል፣ 50 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም ለስላሳ ቅቤ፣ 9 ግራም ጨውና 7 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ። እያንዳንዳቸው 90 ግራም የሚመዝኑ 10 ያህል ዳቦዎች ይወጡታል። በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበስላሉ።

ጠፍጣፋ ትሪ

ለሃምበርገር ዳቦ የእኔ ምርጫ ያለ ማመንታት ይህ ነው። ዋናው ምክንያት ነፃነቱ ነው። ዛሬ 90 ግራም፣ ነገ ለልጆች 45 ግራም የሆኑ ትናንሽ ዳቦዎች መጋገር ይቻላል። ድቡልቡሎቹን አራርቆ የደረደረ ሰው ዙሪያውን ቅርፊት ያለው ዳቦ ያገኛል፤ በመካከላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የተወ ደግሞ ኩፍ ሲሉ ጎናቸው ተጣብቆ ወደ ላይ ስለሚያድጉ ከፍ ያሉና ጎናቸው ለስላሳ የሆነ ዳቦዎች ያገኛል። ሆት ዶግንም የሚያድነው ይኸው ብልሃት ነው፤ ረዣዥሞቹ ተጠጋግተው ሲደረደሩ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ችግሩ በዳር ያሉት ሁለቱ ናቸው፤ በውጭ በኩል የሚይዛቸው ስለሌለ ወደዚያው ይዘምማሉ። እጥፍጥፍ ተደርጎ እንደ አጥር የቆመ የአሉሚኒየም ፎይል ይህን ያስተካክላል።

ድክመቱ የእጅን ጥበብ መጠየቁ ነው። ሊጡ በደንብ ካልተድቦለቦለና ላይኛው ገጽታው ካልተወጠረ ዳቦው ሰፊና ዝቅ ያለ ይሆናል። ድቡልቡሎቹን 10 ደቂቃ ካሳረፉ በኋላ በመዳፍ ቀስ ብሎ ጫን ማድረግ ጉልላት ከመሆን ይከላከላል፤ ስጋውም ሳይንሸራተት ይቀመጣል።

ባለ ጎድጓዳ መጋገሪያ

ለሃምበርገር የሚሸጠው ክብ ጎድጓዳዎች ያሉት ነው። ዳቦዎቹ ሁሉ አንድ ልክ ሆነው ይወጣሉ፤ ለሽያጭ የሚጋግር ሰው ይህን ይፈልገዋል። ለቤት ግን ወጪውን የሚመጥን ጥቅም አላየሁበትም። ጎድጓዳው የተሠራው ለአንድ የሊጥ መጠን ነው፤ ሲበዛ ሊጡ እንደ እንጉዳይ ገንፍሎ ይወጣል፣ ሲያንስ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ቁም ሳጥን ውስጥም ብዙ ቦታ ይይዛል።

የሆት ዶጉ መጋገሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። ረዣዥም ቦዮቹ ሊጡን ከሁለቱም ጎን ስለሚይዙት ዳቦው ወደ ላይ ብቻ ያድጋል፤ በትሪ ላይ በፎይልና በመጠጋጋት የምንታገልለትን ቅርጽ ያለ ድካም ይሰጣል። ሆት ዶግ አዘውትሮ የሚሠራ ቤት ገንዘቡን እዚህ ላይ ቢያወጣ አይቆጭም። ከመግዛታችሁ በፊት የቦዩን ርዝመት በምትጠቀሙበት ቋሊማ ለኩ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ለመደበኛ ቋሊማ ይበቃል።

የብረት ቀለበት

በትሪ ላይ የሚቀመጥ፣ ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ክብ ነው። ለሃምበርገር 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተስማሚ ነው። የሚያስመሰግነው ለእጅ ለሚጣበቅ፣ ወተቱና ቅቤው ለበዛ ልል ሊጥ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሊጥ ያለ ግድግዳ ማቆም አስቸጋሪ ነው። ውስጡን ቅቤ መቀባት ግን ግዴታ ነው። ለሆት ዶግ አያገለግልም።

ሲሊኮን

እንደ ጎማ የሚተጣጠፈው የሲሊኮን መጋገሪያ ሁለት ዓይነት ስለሆነ አትሳሳቱ። ድፍኑ ሲሊኮን ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ የዳቦው ሥር ነጣ ብሎና እርጥበት ይዞ ይቀራል። እንደ መረብ የተበሳሳው ግን አየር ስለሚያሳልፍ ሥሩን በደንብ ያበስላል፤ ስስ ስለሆነ ከስሩ ትሪ ይፈልጋል። ድፍኑን ለዳቦ አልመክርም።

ስለ ብረቱ ዓይነት

ወፍራም፣ ነጣ ያለ አሉሚኒየም ሙቀትን እኩል ያዳርሳል። ጥቁርና የማይጣበቅ ቅብ ያለው ትሪ ሙቀት በፍጥነት ስለሚስብ ሥሩ ቶሎ ይጠቁራል፤ በተለይ ይህ ሊጥ ስኳርና ወተት ስላለው። እሱን ከገዛችሁ ሙቀቱን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቀንሱ፣ በቢላም አትፋቁት። ስስ ትሪ በጋለ ጊዜ ይጠማዘዛል፤ በእጅ ስታጎብጡት በቀላሉ ከታጠፈ ይቅርባችሁ።

በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ለአንድ እቃ ብቻ ከበቃና ቤታችሁ ውስጥ ማንኛውም ትሪ ካለ፣ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ከሁሉም በፊት ዲጂታል ሚዛን ግዙ። በዓይን የተከፋፈለ ሊጥ አንዱን ሲያሳርር ሌላውን ጥሬ ያስቀራል፤ ይህን የትኛውም መጋገሪያ አያስተካክለውም። ትሪ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የምድጃችሁን ውስጥ በሜትር ለክታችሁ ሂዱ። በትሪውና በምድጃው ግድግዳ መካከል በየጎኑ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ሞቃቱ አየር የሚዘዋወርበት ካጣ የታችኛው ሲያርር የላይኛው ይነጣል።