ከባልቲሞር ወይስ ከማያሚ? የሁለት ክሩዝ ሒሳብ

ክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ ሽርሽር፣ ሄደን መምጣታችንን የሰማ ሰው ስለ ባሕሩ አይጠይቀንም። መጀመሪያ «ስንት ፈጀባችሁ?» ይላል። ቀጥሎ «ከባልቲሞር ነው ከማያሚ?» ይመጣል። እኛ ሁለቱንም ሞክረናል። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ እንደ ባልቲሞር ሜሪላንድ ውስጥ። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ነው የሚውለው። እቁባችን ሲወጣ በፈረንጆች ገና ሳምንት ከባልቲሞር ሄድን። በዓመቱ፣ በዚያው ሳምንት፣ ከማያሚ ተሳፈርን። ሁለቱም ሰባት ሰባት ሌሊት ነበሩ። እሱ የማያሚው ይሻላል ባይ ነው፣ እኔ የባልቲሞሩ። እንግዲህ የምታነቡት የአንደኛዋን ወገን ወሬ መሆኑን አትርሱ።

ከትኬቱ ልጀምር። ላይ ላዩን ሲታይ ማያሚ ርካሽ ነው። ከዚያ የሚነሱት መርከቦች ብዙ ስለሆኑ እርስ በርስ ይሻማሉ፤ ባልቲሞር ግን ምርጫው ጥቂት ነው። ለሁለታችን የማያሚው ትኬት በ400 ዶላር ያህል ያንስ ነበር። ደስ ብሎን ቆረጥን። ከዚያ የአውሮፕላኑ መጣ፣ ያውም በበዓል ሳምንት ዋጋ። የሻንጣው መጣ። የአንድ ሌሊት ሆቴል፣ ከኤርፖርት ሆቴል ኡበር፣ ከሆቴል ወደብ ሌላ ኡበር። 400 ዶላሯ ገና መርከቡን ሳናየው አለቀች።

ሆቴሉን እንዝለለው ብላችሁ ደግሞ እንዳትሞክሩት። መርከብ ማንንም አይጠብቅም። የእኛ አንዷ ሻንጣ ወደ ኋላ ቀርታ ሆቴል የደረሰችው በማግስቱ ጠዋት ነው። በመሳፈሪያው ቀን በርረን ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ ሳምንቱን በአንድ ሱሪ ይጨርስ ነበር። ባልቲሞር ላይ ይህ ሁሉ የለም። በ95 መንገድ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ ነድተን፣ መኪናችንን እዚያው ወደቡ አቁመን ገባን። የማቆሚያ ይከፈላል፣ እሱን ቁጠሩት። ሻንጣ ግን የሚመዝንባችሁ የለም።

እኔ ደግሞ ሻንጣ አይመዘንም ሲሉኝ ጀበናዬን ያዝኩ። ከጀበናው ጋር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሲኒዎች፣ እጣንም። ማታ ሻንጣችን ክፍላችን አልመጣም። ወደ ታች ፎቅ ውረዱ ተባልን። እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ የሰው ጉድ ተደርድሯል፦ የልብስ ካውያ፣ የሩዝ ማብሰያ፣ በሎሽን ጠርሙስ የተቀዳ ውስኪ። ምድጃዬም ከነሱ መሃል ተቀምጣለች። እሳት የሚያስነሳ ነገር በሙሉ ክልክል ነው፤ ሻማና እጣንም አብሮ ይከለከላል። ምድጃዋን በደረሰኝ ያዙብኝና በመጨረሻው ቀን መለሱልኝ። ጀበናው ብቻ አለፈ። ሳምንቱን ሙሉ መስታወቱ ሥር ባዶውን ተቀመጠ። ክፍላችንን የሚያጸዳው ልጅ በፎጣ ዝሆን ሠርቶ አጠገቡ አቆመለት። በማያሚው ጉዞ ጀበና አልያዝኩም። ለቡና ጉዳይ ሁለቱም መርከቦች አንድ ናቸው፦ ነጻው ቡና ውሃ ነው፣ ደህናው ቡና በገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ልዩነት። ከባልቲሞር ስትነሱ የምትገዙት የባሕር ላይ ቀን ነው። መርከቡ ከቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ለመውጣት ብቻ ሌሊቱን ይፈጅበታል። ከዚያ የባሃማስ ዋና ከተማ ናሳው ለመድረስ ሁለት ሙሉ ቀን። ስትመለሱም እንዲያው። ከሰባት ሌሊት ጉዞ ውስጥ ሙቀት ያገኘነው ሦስቱን ቀን ነው። የመጀመሪያውን ቀን ከላይኛው ፎቅ ላይ በክረምት ካፖርት ነበርን፤ መዋኛው ዙሪያ ወንበሮቹ በገመድ ታስረዋል። ከማያሚ ግን መርከቡ ገና ከወደቡ ሳይወጣ ሰው በነጠላ ጫማ ነው። በታኅሣሥ ቀኑ 24፣ 25 ዲግሪ ይደርሳል። ወደ ባሕሩ በምትወጡበት ጠባብ መንገድ፣ ሳውዝ ፖይንት ፓርክ ላይ የቆሙ ሰዎች እጃቸውን ያውለበልባሉ። ባለቤቴ ዘመዶቹ የሸኙት ይመስል አጸፋውን እየመለሰ አለቀ። ናሳው ከዚያ የአንድ ሌሊት መንገድ ነው።

ማዕበሉስ? እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም። ከባልቲሞር የሚሄድ ሁሉ ሰሜን ካሮላይና ጫፍ ላይ ኬፕ ሃተራስን ያልፋል። ሞቃቱና ቀዝቃዛው የባሕር ወንዝ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ መርከበኞች ለብዙ ዘመን «የአትላንቲክ መቃብር» ሲሉት የኖሩት በብዙ መርከብ መስጠም ምክንያት ነው። የዛሬ መርከብ አይሰምጥበትም። ይወዛወዝበታል እንጂ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ማንጠልጠያዎቹ መንቀጫቀጭ ጀመሩ። ኮሪደሩ ላይ የሚሄደው ሰው ሁሉ የሰከረ ይመስላል። በየደረጃው እጀታ ላይ የማስታወክያ ከረጢት ሰክተውበታል፤ እሱን ሳይ ይብስ አቅለሸለሸኝ። አስተናጋጇ አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት አመጣችልኝ። ዝንጅብልም ረዳኝ። ማታ ላይ አለፈልኝ። የሚያዞራችሁ ሰዎች ከሆናችሁ፣ ከየትም ተነሱ ከየት፣ ክፍላችሁን ከመርከቡ መካከልና ከታችኛው ፎቅ ያዙ። በብርዱ ወራት ደግሞ ማያሚን ምረጡ። ይህን የምለው የባልቲሞር ወገን ሆኜ ነው።

የመርከቡ ትልቅነት የሚያሳስበው ሰው አለ። የባልቲሞሮቹ መካከለኛ ናቸው፤ ምክንያቱ ድልድይ ነው። ከወደቡ ወደ ባሕሩ ሲወጡ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ ግድ ነው፣ ከውሃው እስከ ድልድዩ ያለው ከፍታ ደግሞ 57 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የሚረዝም መርከብ አይገባም። እኛ ያለፍንበት ከመሸ በኋላ ነበር። ሰው ሁሉ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ አንጋጧል። የመኪኖቹ መብራት ከጭንቅላታችን በላይ ይሄዳል፣ የመርከቡ ጭስ ማውጫ ደግሞ ድልድዩን የሚነካ ይመስላል። አንድ ሕፃን «ዝቅ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ከማያሚ ግን እንደ «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ያሉ ይነሳሉ፦ ባለ 20 ፎቅ፣ ሲሞላ እስከ 7,600 ተሳፋሪ የሚይዝ። እኛ የሄድንበት ያንን አያክልም፣ ቢሆንም ከክፍላችን እስከ ምግብ አዳራሹ መንገዱ ራሱ ስፖርት ነበር። ሊፍት ወረፋ ነው፤ ትርዒት ለማየት በስልክ መተግበሪያ ቀድሞ መያዝ ነው። በገና ሳምንት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ መርከቡ በልጆች ጢም ይላል። ልጅ ላለው ሰው የማያሚው ትልልቅ መርከብ ይሻለዋል፣ የውሃ መንሸራተቻው ብቻ ቀኑን ይገፋል። ሁለት ሰው ሆኖ ዕረፍት ለሚፈልግ ግን አይመስለኝም።

ጾም የምትጾሙ ይህን በደንብ አንብቡ። የፈረንጆች ገና ሳምንት ለእኛ የነቢያት ጾም መሃል ነው። «ጾም ነኝ» ካላችሁ አስተናጋጁ ምንም የማትበሉ ይመስለዋል። «ቪጋን» በሉ። በባልቲሞሩ መርከብ የመጀመሪያው ማታ ሰላጣና ዳቦ ነበር የደረሰኝ። በሁለተኛው ማታ የአስተናጋጆቹ ኃላፊ የነገውን ምናሌ ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ በኋላ በየማታው የሕንዶቹ ምስርና ሽምብራ ከሩዝ ጋር ይመጣልኛል። ምስር ወጥ አይደለም፣ ግን ዘመድ ነው። ከሱቅ የገዛሁትን የታሸገ ሚጥሚጣ ነሰነስኩበት። በማያሚው የምግብ ዓይነቱ ይበዛል፤ ቦታው ሰፊ ስለሆነና አስተናጋጁም በየማታው ስለሚለያይ ግን ታሪኬን በየማታው እንደ አዲስ ስናገር ከረምኩ። ባለቤቴ ጾም ባሕር ላይ አይቆጠርም ባይ ስለሆነ ይህ ችግር አልነካውም።

ክፍል ላይ ገንዘብ የምታባክኑትም የምታተርፉትም እንደ መነሻችሁ ነው። ከባልቲሞር መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ያዝን፣ ርካሹን። መብራቱን ስታጠፉ ሌሊት ይሁን ቀን አይለይም። ቀን ቀን መጋረጃ በፒን እያያዘች ለምትተኛ ሴት ይህ ገነት ነው። አንዱን ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ተነሳሁ፤ ባለቤቴ ትንፋሼን ሲያዳምጥ ነበር አለ። ከማያሚ ደግሞ በረንዳ ያለው ከፍለን ወሰድን። እሱ ንጋት ላይ በካናቴራ ወጥቶ፣ እግሩን ሰቅሎ፣ ቡናውን ይዞ ይቀመጣል። ስልክ የለም፣ «የት ደረስክ?» የሚል ተሳፋሪ የለም። በሁለቱም ክፍያው ተገቢ ነበር። በክረምት ከባልቲሞር ለበረንዳ መክፈል ግን ለማየት ብቻ የሚሆን በር መግዛት ነው፤ ከሳምንቱ ግማሹን አትከፍቱትም።

ከትኬቱ ውጭ የሚመጣው ሒሳብ በሁለቱም ይመሳሰላል። ጉርሻው በቀን ለአንድ ሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ነው። ለሁለት ሰው በሰባት ሌሊት ከ224 እስከ 280 ዶላር ማለት ነው፣ ከመነሻው ያዙት። የመጠጥ ፓኬጅ ላይ ብዙዎቹ ድርጅቶች አንድ ሕግ አላቸው፦ በአንድ ክፍል ካሉት አዋቂዎች አንዱ የአልኮሉን ከገዛ ሌላውም መግዛት አለበት። እሱ በቀን ሁለት ቢራ ይጠጣል፣ እኔ አልጠጣም። ተውነው፣ ቢራውን በነጠላ ከፈልን። በባልቲሞሩ መርከብ ሊፍት ውስጥ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት አገኘን። ልጆቻቸው ናቸው ይዘዋቸው የመጡት። «እማማ፣ እንዴት አገኙት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሁሉ ነገር ደግ ነው» አሉኝ። «ግን ዙሪያችን ውሃ ሆኖ የፕላስቲክ ውሃ በገንዘብ? ይሄስ ግፍ ነው።» ቡፌው ጋ የሚቀዳው ውሃ ነጻ መሆኑን ነግሬያቸው በማግስቱ ባዶ ጠርሙስ ይዘው አየኋቸው።

ወረቀት። የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁና መርከቡ ተነስቶ የሚመለሰው ወደዚያው ወደብ ከሆነ፣ ያለ ፓስፖርትም በዜግነት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሳፈር ይፈቀዳል። እኔ ግን ፓስፖርት ያዙ ነው የምለው። ናሳው ላይ ብትታመሙ ወይም መርከቡ ጥሏችሁ ቢሄድ የምትመለሱት በአውሮፕላን ነው፣ እዚያ ሰርተፊኬት አያሳፍርም። በግሪን ካርድ የምትኖሩ ደግሞ ካርዱንም፣ ጊዜው ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች አንድ በአንድ ቁጠሩና የቪዛውን ነገር ጨርሱ። እዚህ ላይ የእኛ የባልቲሞር ጉዞ ይቀል ነበር፤ የቆመው ባሃማስ ውስጥ ብቻ ነው። የማያሚው የሜክሲኮዋን ኮዙሜልንም ስለጨመረ ሁለት አገር፣ ሁለት ሕግ ሆነብን።

ከማየት ደግሞ አንድ ነገር ለባልቲሞሩ ልመርቅለት። ናሳው የደረስነው ዲሴምበር 26 ጠዋት ነበር፤ ጃንካኑ የሚባለው የባሃማሶች የከበሮና የጭፈራ በዓል ቀን ነው። ሰልፉ ከሌሊት ጀምሮ ስለሚካሄድ ጭራውን ብቻ አገኘን። ከወደቡ በእግር ትንሽ እንደሄዳችሁ ቤይ ስትሪት ነው። ሌሊቱን ሲጨፍሩ ያደሩ ወንዶች ከበሮአቸውን አቅፈው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። መንገዱ በባለ ቀለም ወረቀት ተሸፍኗል። አንዱ የላም ቃጭል ለባለቤቴ ሰጠው፣ እሱም ወዲያው እስክስታ ወረደ። ፎቶው አለኝ፣ አላሳይም።

ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ፣ ወይም ኤርፖርት ከሚያስጠላቸው ወገን ከሆናችሁ፣ ወይም እንደ እኔ እንቅልፍ የጠማችሁ ከሆነ ባልቲሞር። ፀሐይ ፍለጋ ከሆነ ማያሚ። አራትና አምስት ቀን ብቻ ላለው ሰውም ማያሚ ነው፣ ከባልቲሞር አጭር ጉዞ መንገድ ላይ ያልቃል። የሳምንቱን ምርጫ ግን ከወደቡ ምርጫ በፊት አድርጉት። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ያለው ጊዜ ዋጋው ይወርዳል፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ገብተዋል። ለእኛ ደግሞ ገና አልፎ ፍስክ ነው፤ ነነዌና ዐቢይ ጾም እስኪገቡ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ቡፌው ክፍት ነው። እኛም ዘንድሮ ከጥምቀት ማግስት ያለውን ሳምንት ይዘናል። መነሻው ማያሚ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም።