ዚርኮንን ከዚርኮኒያ ለይቶ የሚሸጥ የባሕር ዳር ጌጣጌጥ ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ ከወሎ ኦፓል ሌላ ፈርጥ መግዛት ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ሰፊ አይደለም። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ፣ ወደ ጣና ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አነስተኛ የብር ጌጣጌጥ ቤት ግን የተፈጥሮ ዚርኮን ስለሚያቀርብ፣ ይልቁንም ዚርኮኑን ከሚመስለው ነገር ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ሰፋ ያለ አስተያየት ይገባዋል።

በየወርቅ ቤቱ «ዚርኮን» እየተባለ የሚሸጠው አብረቅራቂ ነጭ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ዚርኮኒያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1976 ወዲህ በፋብሪካ ተመርቶ ለገበያ የሚቀርብ የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ነው። ዚርኮን በአንጻሩ የዚርኮኒየም፣ የሲሊከንና የኦክስጅን ውሕድ የሆነ የተፈጥሮ ማዕድን ሲሆን፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ የተገኙ ጥቃቅን ቅንጣቶቹ 4.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው ተለክቷል። ስሙ ብዙዎች እንደሚስማሙበት ወርቃማ ቀለም ያለው የሚል ትርጉም ካለው የፋርስ ቃል «ዘርጉን» ተነሥቶ፣ በዐረብኛ «ዘርቁን» ሆኖ አውሮፓ የደረሰ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት እ.ኤ.አ. በ1789 ከሲሎን፣ ከዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ በመጣ ዚርኮን ውስጥ አዲስ ንጥረ ነገር መኖሩን በደረሰበት ጊዜ ንጥረ ነገሩ በድንጋዩ ስም ተጠራ፤ የፋብሪካው ምርት ደግሞ ስሙን ከንጥረ ነገሩ ወሰደ። የገበያው ግርግር የመጣው ከዚህ የስም ዝምድና ነው፤ አንዳንዱ ሻጭ ሳያውቅ፣ አንዳንዱም እያወቀ ይጠቀምበታል።

የዚህ ቤት ባለቤት ሁለቱን በተለያየ ሣጥን አስቀምጠዋል፤ ለጠየቀ ሰውም ዐሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያቀብላሉ። «ወንድሜ፣ ገዝተው ከሚጸጸቱ አይተው ቢመለሱ ይሻላል» ነበር ያሉኝ። ዚርኮን በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ለሁለት ስለሚከፍል፣ ድንጋዩን ጥቂት አዘንብሎ በፊቱ በኩል ወደ ውስጥ የሚመለከት ሰው የጀርባው ጠርዞች ጥንድ ጥንድ መስመር ሆነው ይታዩታል። ማዘንበሉ ግድ ነው፤ ጠራቢዎች ይህ ብዥታ ከፊት ለፊት እንዳይታይ አድርገው ስለሚቆርጡት፣ ቀጥ አድርጎ የተመለከተ ሊሳሳት ይችላል። በዚርኮኒያው ውስጥ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር እያንዳንዱ ጠርዝ አንድ ነጠላ መስመር ነው።

ቅሬታዬ ሰማያዊዎቹን ይመለከታል። ሰማያዊ ዚርኮን በአብዛኛው ቡናማ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ የሚገኝ ነው፤ ካምቦዲያም በዚህ ትታወቃለች። ሕክምናው ነውር አይደለም፣ በንግዱም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ በቃል የነገሩኝ ይህ ጉዳይ በደረሰኙ ላይ አልሰፈረም፤ ደረሰኙ «ሰማያዊ ዚርኮን» ብሎ ያበቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ድንጋዮቹ የረፋድ ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው መስኮት ላይ መደርደራቸው ነው፤ በሙቀት ከታከሙት መካከል አንዳንዶቹ ለብርቱ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ሲጋለጡ ቀለማቸው ሊለወጥ ይችላልና።

የብር ሥራው ንጹሕ ነው፤ ዋጋውም ከሚቀርበው ዕቃ ጋር ሲነጻጸር የሚያስከፋ አይደለም። ይሁን እንጂ ቀለበቶቹ ድንጋዩን ከፍ አድርገው፣ ጠርዙን ራቁቱን ትተው የተሠሩ ናቸው። ዚርኮን ጭረትን የመቋቋም አቅም ከ1 እስከ 10 በሚለካበት በሞስ መለኪያ ከ6.5 እስከ 7.5 የሚደርስ ጥንካሬ ቢኖረውም ተሰባሪ ነው፤ በድሮ ጊዜ በወረቀት ተጠቅልለው አብረው የሚጓዙ ድንጋዮች እርስ በርስ ሲፋተጉ ጠርዛቸው ይላላጥ እንደነበር ይነገራል። ዕለት ዕለት የሚደረግ ቀለበት ለሚፈልግ ሰው ዙሪያውን በብር የታቀፈ እንዲሠራለት ማዘዝ ይበጀዋል፤ አንጥረኛው እዚያው ስላለ ትእዛዝ ይቀበላሉ። እኔ ግን ከሁሉ የመረጥኩት የማር ቀለም ያለውን ጉትቻ ነው፤ ጆሮ ላይ የሚውል ድንጋይ ከግጭት ይጠበቃል፣ ቀለሙም ለጥንቱ ስም የቀረበ ነው።