አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን ፋይል «እንለይላችኋለን» ሲሏችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን የደረሰብኝ እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ በወርድ የተጻፈ 64 ገጽ ፋይል ነው። አንዱ አንቀጽ በአማርኛ፣ ከሥሩ የዚያው እንግሊዝኛ፣ እንዲህ እየተፈራረቀ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ሁለቱን ለየብቻ አምጡ ተባልን። ጊዜ ስላልነበረኝ አንድ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ወሰድኩት። በገጽ 40 ብር፣ ሲደመር 2,560 ብር፣ ግማሹ ቀብድ። «እያነበብን በእጃችን ነው የምንለየው» አሉኝ። አመንኳቸው።

በማግስቱ ሁለት ፋይል ሰጡኝ። ገረፍ ገረፍ አድርጌ ሳየው ምንም አይልም፣ ቀሪውን ከፍዬ ወጣሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ የመዋጮውን አንቀጽ ስከፍት «እያንዳንዱ አባል በየወሩ ብር ይከፍላል» ይላል። ስንት ብር? ቁጥሩ የለም። ከዚያ የባሰው የጠቅላላ ጉባኤው ነው። ዋናው «ጥሪው ከስብሰባው 15 ቀን በፊት ለአባላት ይደርሳል» ይል ነበር፤ አሁን «ጥሪው ከስብሰባው ቀን በፊት ለአባላት ይደርሳል» ሆኗል። አያችሁ? ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ ማንም አንባቢ ስህተት አለው አይልም፣ ግን ሌላ ደንብ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ይሄ ተፈርሞበት ቢሆን ኖሮስ! የጠፉት ቁጥሮች በሙሉ እንግሊዝኛው ፋይል ውስጥ ተበታትነው አገኘኋቸው።

እያነበቡ አልለዩትም ማለት ነው። ወርድን «የግዕዝ ፊደል የሆነውን ወዲህ፣ ያልሆነውን ወዲያ» ብለው አዘዙት፣ በቃ። ይህ የሰከንዶች ሥራ ነው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየቋንቋው ፊደል ለእያንዳንዱ የራሱን መለያ ቁጥር የሚሰጥበት የጋራ ደረጃ) ውስጥ ከገባ ጀምሮ የራሱ ቦታ አለው። 15 የሚለው ቁጥር ግን የማንም ቋንቋ ፊደል አይደለም። ፲፭ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ከአማርኛው ጋር ይቀር ነበር። ወርድ በቋንቋም መፈለግ ይችላል፣ ግን የሚያየው ጽሑፉ ላይ የተለጠፈውን የቋንቋ ምልክት ነው፤ አማርኛ ጽፈን ምልክቱ እንግሊዝኛ እንደሆነ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ እሱም አያስተማምንም።

ተመልሼ ስጠይቃቸው «ፋይሉ ሲመጣም እንደዚህ ነበር» አሉኝ። ዋናውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ገንዘቤን መመለስ ቀርቶ «በገጽ 20 ብር ጨምረህ እናስተካክለው» አሉኝ። ትቼ ወጣሁ።

በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጨረሰልኝ። እንደኔው እየተፈራረቀ የሚሄድ ፋይል ካላችሁ መጀመሪያ ኮፒ አስቀምጡ። ባዶ መስመሮችን አጥፉ። ሁሉንም ምረጡና ኢንሰርት፣ ቴብል፣ ከዚያ ኮንቨርት ቴክስት ቱ ቴብል ውስጥ ግቡ፤ መጀመሪያ መለያውን ፓራግራፍ፣ ከዚያ ኮለሙን 2 አድርጉት። አማርኛው ግራ፣ እንግሊዝኛው ቀኝ ይሰለፋል፣ ቁጥሩም ከየባለቤቱ ጋር። በአንድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ርዕስ ካለ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ቦታ ስለሚለዋወጥ እየወረዳችሁ ተመልከቱ። ከዚያ የኮለሙ አናት ላይ ጥቁር ቀስት ሲመጣ ተጭናችሁ ኮፒ፣ አዲስ ፋይል ላይ ፔስት። እንደ ነጋሪት ጋዜጣ ሁለቱ ቋንቋ ጎን ለጎን በቴብል የተሠራ ከሆነማ ይሄ የመጨረሻው ብቻ ይበቃችኋል። ለዚህ ነው በገጽ የሚያስከፍሉት!

ፋይላችሁ የቆየ ከሆነ አንድ ነገር ፈትሹ። አንድ የአማርኛ ቃል መርጣችሁ ፎንቱን ታይምስ ኒው ሮማን አድርጉት። ወደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከተለወጠ እንደ ድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ባለ ዩኒኮድ ባልሆነ ፎንት የተጻፈ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ በፊደል መለየት አይሠራም።

የግድ ሰው ማሠራት ካለባችሁ ቁጥር የበዛበትን ሁለት ገጽ አስቀድመው ይሥሩላችሁ፣ ቀብድ ከዚያ በኋላ። ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ የአማርኛውን ፋይል ክፈቱና ፋይንድ ላይ ^# ብላችሁ ፈልጉ። ማንኛውንም አሃዝ ፈልጎ ስንት እንዳገኘ ይነግራችኋል። ከእኔ 64 ገጽ ደንብ ለይተው የሰጡኝ የአማርኛ ፋይል ላይ አንድም አልተገኘም።