መጀመሪያ ልቦለዱን ወይስ ፊልሙን?

የምትጓጉለት የፍቅር ልቦለድ ወደ ስክሪን ሊመጣ ነው እንበል። መጽሐፉን ያስቀደመ ሰው የገጸ ባህሪያቱን የውስጥ ሐሳብ ይዞ ይገባል፤ ካሜራ ፊት መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ይኸው የውስጥ ሐሳብ ነው። የፊልም ጽሑፍ 1 ገጽ በግምት 1 ደቂቃ ስለሆነ፣ 350 ገጽ ልቦለድ ወደ 120 ገጽ ሲጨመቅ የጎን ታሪኮች ይቆረጣሉ፣ ቀስ ብሎ የሚበስለው ፍቅርም ይጣደፋል። በጄን ኦስተን ልቦለድ ‹‹ኩራትና ጭፍን ጥላቻ›› ዋናው ወንድ ገጸ ባህሪ ዳርሲ ለሚወዳት ለኤልዛቤት የሚጽፈው ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1995ቱ ባለ 6 ክፍል ድራማ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ፣ በ2005ቱ ፊልም ቶሎ ያልፋል።

ፊልሙን ያስቀደመ በቆረጣው አይበሳጭም፤ ሲያነብ ግን የተዋናዩ ፊት ከዓይኑ አይጠፋም።

ስለዚህ የ2 ሰዓት ፊልም ከሆነ ፊልሙ ይቅደም፤ ተከታታይ ድራማ ከሆነ መጽሐፉ። በቀን 25 ገጽ ካነበባችሁ 350ው ገጽ በ14 ቀን ያልቃል።