ሃይብሪድ የቲማቲም ዘር፦ ልጆቹ እናታቸውን አልመሰሉም

ሁለት ዓመት ሞክሬው ነው የምጽፈው። ለመጀመሪያው ዓመት 5 ኮከብ ሳላቅማማ እሰጠዋለሁ። ያልበቀሉት ሁለት ዘሮች ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ቁመታቸው እኩል፣ ፍሬያቸው ክብ፣ የሚቀሉትም በአንድ ሰሞን። ፎቶኮፒ በሏቸው።

ጉዱ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ብልጥ ነኝ ብዬ ከፍሬው ዘር አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ አድርቄ አስቀመጥኩ። የበቀለው ግን ሌላ ነገር! አንዱ ተመዞ ድጋፍ ፈለገ፣ አንዷ ቁጥቋጦ ሆና ቀረች፣ አንዱ ደግሞ ፍሬው እንደ ጣት ሾጠጥ ያለ። የተጭበረበርኩ መስሎኝ ሻጩን ልወርድበት ምንም አልቀረኝ።

ለካ አላጭበረበረኝም። ሃይብሪድ ማለት ለብዙ ትውልድ ተለይተው የተባዙ የሁለት ንጹህ ዝርያዎች ልጅ ነው፤ ከእናት የሚደርሳቸውም ከአባት የሚደርሳቸውም ጂን (ባሕርይ የሚያወርሰው መረጃ) ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ የመጀመሪያው ትውልድ ይመሳሰላል። ካርታው የሚበወዘው ያ ትውልድ በተራው ሲወልድ ነው። ቲማቲም 12 ጥንድ ክሮሞዞም (ጂኖቹን የተሸከመ ክር) አለው፣ ከየጥንዱ የሚተላለፈው አንዱ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንድ ተክል 4,096 ዓይነት የዘር ህዋስ ሊያወጣ ይችላል፣ ያውም ክሮሞዞሞቹ እርስ በርስ ቁራጭ የሚለዋወጡትን ሳንቆጥር። የዘር ውርስ ተመራማሪው ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው የአተር ሙከራ ያየውም ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉም ረጅም፣ ቀጥሎ ሦስት ረጅም ለአንድ አጭር። አጭርነቱ አድፍጦ ነበር የቆየው።

ከዚያ ዝናብ በዛና ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ ገባ። ከአሮጌው ፓኬት የተረፈውን አጠገባቸው ዘርቼው ነበር፤ እነዚያ መንትዮች ተያይዘው ረገፉ። ከተዘበራረቁት መሀል ግን ቁጥቋጦዋና አንድ ሌላ ቆሙ። አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል፣ መመሳሰል ትርፉ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የአየርላንድን ድንች የመታው በሽታ ያን ያህል የጎዳው አንዱም ምክንያት ይሄው ነበር፤ ድንቹ ራሱ እየተቆረጠ ስለሚተከል አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። የቲማቲም አዳቃዮችም በሽታ የሚቋቋም ጂን ሲቸግራቸው የሚሄዱት ወደ ዱር ዘመዶቹ ነው፣ እዚያ ልዩነቱ ገና አላለቀም።

ዘሩ ጥሩ ነው፣ ፓኬቱ ግን ዝም ብሏል። «ከፍሬው ዘር አታስቀሩ፣ አይመሳሰልም» ብሎ በትልቁ ቢጽፍ ምን ነበረበት? ለዚህ አንድ ኮከብ ተኩል ቀንሻለሁ። የቁጥቋጦዋን ዘር ለማንኛውም ጋዜጣ ላይ አስጥቼዋለሁ።